ካልቸሩ «ባክቴሪያ የለም» ካለ መግሉ ከየት መጣ?

የወንድምዎ ሰውነት መግል በቋጠሩ ጥቃቅን ሽፍታዎች ተሸፍኖ፣ ካልቸሩ (ከመግሉ ናሙና ባክቴሪያ ለማብቀል የሚሞከርበት የላብራቶሪ ምርመራ) ሁለት ጊዜ «ባክቴሪያ አልተገኘም» እያለ፣ ለምን ሦስተኛ ዙር አንቲባዮቲክ እንደታዘዘለት ጠይቀዋል። እኔም በዚሁ ሰበብ ሰባት ወር ተንከራትቻለሁና የደረሰብኝን ልንገርዎ።

1. መግል በአብዛኛው ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ክምችት ነው፤ ባክቴሪያ ባይኖርም ቆዳው ራሱ ከጠራቸው ይመጣሉ። እኔን የያዘኝ መላ ሰውነትን የሚያዳርሰው መግላማ ሶራያሲስ የተባለ የቆዳ በሽታ ነው። በዚህ በሽታ የቆዳ ሕዋሳት ኢንተርሉኪን 36 የተባለውን ፕሮቲን ከልክ በላይ ያመነጫሉ፤ እሱ ኒውትሮፊሎችን ይስባል፣ እነርሱ ደግሞ በሚለቁት ኢንዛይም እሱኑ መልሰው ያነቁታል። ይህን ፕሮቲን የሚገታው ተፈጥሯዊ ልጓም በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ በዘረ መል ለውጥ ምክንያት እንደማይሠራ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

2. ወንድምዎ ፕሪድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ ክኒን ጀምሮ ከሆነ በራሱ ውሳኔ እንዳያቆም። እኔ በሳምንት ውስጥ ቆዳዬ ሲጠራ የዳንኩ መስሎኝ የተረፈውን ክኒን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። በአራተኛው ሌሊት በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ነቃሁ፤ ብብቴና ጭኔ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ በላዩ ሰሊጥ የሚያህሉ ነጫጭ ነጥቦች ፈልተውበት ነበር፤ ሲነጋ እርስ በርስ ተያይዘው ኩሬ ሠርተዋል። በትኩሳት እየነደድኩ የደረስኩበት ሆስፒታል የካርድ ክፍል ሠራተኛ ግን፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ «እከክ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሂድ» አለኝ። አልሄድኩም፤ እዚያው ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ያዳነኝም ያ ግትርነቴ ነው፤ በዚያ ስታልፍ ያየችኝ ወጣት የቆዳ ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችኝ «በቅርቡ ያቆምከው ክኒን አለ?» ብላ ነበር። ከትኩስ ሽፍታ ናሙና ወስዳ ባዮፕሲ (የቆዳ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ምርመራ) አሠራች፣ ከዚያም አሲትሬቲን የተባለ የሶራያሲስ መድኃኒት አስጀመረችኝ። የኢንተርሉኪን 36ን መቀበያ የሚዘጋው ስፔሶሊማብ የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ቢፈቀድም፣ እኔ በታከምኩበት ቦታ አልነበረም።

3. አንዳንድ አንቲባዮቲክ ራሱ ተመሳሳይ ሽፍታ ያስነሳልና፣ የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ማሸጊያ በሙሉ ከተጀመሩበት ቀን ጋር ለሐኪሙ ያሳዩ። ትኩሳት ካለው ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ሽፍታው በቀናት ውስጥ ደርቆ ስለሚረግፍ ትኩስ ሳለ በስልክ ፎቶ ያንሱት፤ የእኔ የመጀመሪያ ቀጠሮ ሲደርስ የቀረው ቅርፊት ብቻ ስለነበር፣ ሐኪሙ «ድርቀት ነው» ብሎ ቫዝሊን አዝዞ ሸኝቶኛል።