የመኪናውን መንገድ አትናቂው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ቢሮ ውስጥ የምሠራ የ27 ዓመት ሴት ነኝ። የሥራ ባልደረቦቼ በኅዳር ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሄደው ሁለት ቀን በእግራቸው ሊጓዙ ነው። እኔንም ጋብዘውኛል። እውነቱን ለመናገር ከአስፋልት ውጪ ረጅም መንገድ ሄጄ አላውቅም። አስጎብኚው በስልክ ሲያናግረን፣ የመጀመሪያው ቀን ጉዞ በወንዝ ዳር፣ የፓርኩ ጠባቂዎች መኪና በሚሄድበት መንገድ ነው አለን። አንዱ ጓደኛችን ግን «በመኪና መንገድ መሄድ ምኑ የእግር ጉዞ ይባላል? ወንዙን ተከትለን በቀጭኗ መንገድ እንሂድ» እያለ ነው። ማንን ልስማ? ምን ልልበስ? ከወንዙ መጠጣት ይቻላል? እናቴ ደግሞ «ጫካ ውስጥ ማን አለሽ?» እያለች እንቅልፍ አጥታለች።

መልስ፦ ልጄ፣ አስጎብኚውን ስሚ። ጓደኛሽም ክፉ አላሰበም። ቀጭኗ የወንዝ ዳር መንገድ ደስ ትላለች። እኔም በአንቺ ዕድሜ እሷን ነበር የምመርጠው። ለጀማሪ ግን የጥበቃ መኪና የሚሄድበት የጠጠር መንገድ ይሻላል። ለምን እንደምል ልንገርሽ።

የዛሬ 9 ዓመት ገደማ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ዲንሾ ነበርኩ። ዲንሾ የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለበት ከተማ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የሄድነው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። መስቀል አለፈ፣ ክረምቱ አበቃ ብለን። የባሌ ዝናብ ግን በእኛ አቆጣጠር አይሄድም። ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ዕድሜ ልኬን ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ፣ ይህን የማውቀውን ነገር በሻንጣ ዝግጅት ረሳሁት። እናንተ ኅዳርን መምረጣችሁ ጥሩ ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አንዲት ጅረት ተሻገርን። ውሃዋ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጥን፣ ጫማችን ሳይረጥብ አለፍን። ከዚያ በውሃው ዳር በቀጭኗ መንገድ ብዙ ሄድን። 9 ሰዓት ላይ ስንመለስ የረገጥናቸው ድንጋዮች አይታዩም። ውሃው ቡና መስሏል። ቅርንጫፍ እያገላበጠ ይወርዳል። እኛ ያለንበት ላይ ግን ጠብ ያለ ነገር የለም። ፀሐይ ነበር። ዝናቡ የጣለው ላይ፣ ከእኛ ዓይን ውጪ ነው።

አንዱ ጓደኛዬ ሱሪውን መሰብሰብ ጀመረ። አስጎብኚያችን ክንዱን ይዞ መለሰው። ልጁ ገና 20 ዓመት ቢሞላው ነው። «አይሆንም፣ ወደ ላይ ወጥተን የመኪናውን መንገድ እንይዛለን» አለ። ጉልበት የሚደርስ ፈጣን ውሃ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። ልጁ ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤቱ ነው የሚያውቀው። ዳገቱን ወጥተን የጠጠሩን መንገድ አገኘን። በድልድዩ ዞረን ስንደርስ መሽቶ ነበር። ባትሪ የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያን ልጅ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ የመኪናውን መንገድ በሌላ ዓይን ነው የማየው። ያን መንገድ የሠራው ሰው ውሃውን አስቦ ነው የሠራው። ከወንዙ ከፍ ብሎ፣ ትከሻ ይዞ ይሄዳል። ውሃ በሚያቋርጠው ቦታ ቱቦ ወይም ድልድይ ይኖረዋል። እግርሽ ቢወለም መኪና ይደርስልሻል። ጎን ለጎን ሆናችሁ እያወራችሁ ትሄዳላችሁ። ጠዋት ሣሩ በጤዛ ሲርስ፣ በጠጠሩ ላይ ካልሲሽ ደረቅ ይሆናል።

ደግሞም በመኪና መንገድ የሚታይ ነገር የለም ብለሽ አታስቢ። በማለዳ መሬቱን እያየሽ ሂጂ። አቧራው ወይም ጭቃው ላይ ሌሊት ያለፈው ሁሉ ዱካውን ትቶ ታገኚዋለሽ። ጅቡ፣ ከርከሮው፣ ድኩላው። ዲንሾ ጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ባለው የኮሶና የጽድ ጫካ ደግሞ የደጋ አጋዘን፣ ኒያላ የሚባለውን፣ በቅርብ ታያለሽ። የ10 ሳንቲሙ ላይ ያለው እሱ ነው። ቀንዱ የተጠማዘዘውን አንድ ወንድ ከነግርማው ካየሽ ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር አትፈልጊም።

ሌላም ምክንያት አለኝ፣ ይሄኛው ከልቤ ነው። የወንዝ ዳር ሣር ስስ ነው። ሰውም ከብትም በአንድ መስመር ደጋግሞ ሲረግጠው ይላጣል። በሚቀጥለው ዝናብ ውሃው ያንን መስመር ይዞ ይወርዳል። ቦይ ይሆናል፣ ቆይቶ ገደል ይሆናል። በተሠራው መንገድ ስትሄጂ ያን ሣር አተረፍሽው። ከዚያ ተራራ የሚወርደውን ውሃ እስከ ሶማሊያ ድረስ የሚጠብቀው ሕዝብ ብዙ ነው። ዌብ ወንዝ ከዚያው ተነስቶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ አልፎ ነው ወደ ቆላው የሚወርደው። ፓርኩም በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው በከንቱ አይደለም።

ወንዙን ማየት ስትፈልጊ ከመንገዱ ወርደሽ እዪው። ተቀመጪ፣ ዳቦሽን ብዪ፣ እግርሽን አቀዝቅዢ። ከዚያ ተመልሰሽ ውጪ። አንድ ነገር ብቻ ጠዋት ስትነሱ አስጎብኚውን ጠይቂው፦ «መኪናው ወንዙን የሚሻገረው የት ጋ ነው?» መልሱን ሁላችሁም እወቁት። አንድ ሰው ብቻ ቢያውቀው አይበቃም።

አሁን ስለ ልምምድ። ባሌ እስክትሄጂ አራት ቅዳሜ አታጪም። ሽሮ ሜዳ ድረስ በታክሲ ሂጂ። ከዚያ ወደ እንጦጦ ማርያም በእግርሽ ውጪ። የእንጦጦ አናት ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትርን ያልፋል። ዲንሾም እንደዚያው ነው። እንጦጦ ላይ ያልከበደሽ ትንፋሽ ዲንሾ ላይ ብዙም አይከብድሽም። ሁለተኛው ቀን ወደ ሳነቴ፣ ወደ ፓርኩ ከፍተኛ ሜዳ፣ የምትወጡ ከሆነ ግን ሌላ ነው። እሱ 4,000 ሜትር ነው። እዚያ ራስ ምታት ቢይዝሽ አትደብቂ። ዝግ በዪ፣ ውሃ ጠጪ፣ ካልተሻለሽ ውረጂ።

እንጦጦ ላይ ስትወጪ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ታገኛለሽ። መንገድ ልቀቂላቸው። ከዚያ ቁልቁለቱን እንዴት እንደሚወርዱ ተመልከቺ። እርምጃቸው አጭር ነው። ጉልበታቸው ትንሽ እጥፍ ብሏል። እግራቸውን በሙሉ ነው የሚያሳርፉት እንጂ በተረከዝ አይንሸራተቱም። ያን ሁሉ ሸክም ይዘው። ቁልቁለት መውረድ የተማርኩት ከእነሱ ነው። የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ልጣጭ ላይ ግን ተጠንቀቂ። ሲደርቅም ሲረጥብም ያንሸራትታል። ይህ ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ እንጦጦን ሲያለብስ፣ ቁልቁለቱን ለሚወርድ ሰው ይህን ፈተናም ይዞ መጥቷል።

ልብስ። ጫማሽ አዲስ አይሁን። ለባሌ ብለሽ አዲስ ገዝተሽ እዚያ የምትከፍቺው ከሆነ እግርሽ ውኃ ይቋጥራል። በአራቱ ቅዳሜ የለመድሽው ስኒከር፣ ሶሉ ያላለቀ፣ ይበቃል። ሁለት ካልሲ ያዢ። አንዱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ጂንስ አትልበሺ። ከረጠበ አይደርቅም፣ ይከብዳል። ሹራብ፣ የዝናብ ልብስ፣ የራስሽ ባትሪ። በኅዳር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ፊት ይልጣል፣ ባርኔጣ አትርሺ። ሱሪሽ ረጅም ይሁን፣ ውሃ ዳር ሳማ አይጠፋም። ስንቅ ቆሎና በሶ ከያዝሽ ሌላ ብዙ አያስፈልግም። መንገድ ላይ ጭኮ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ ካገኛችሁ ግዙ። የዚያ አገር ሰው ለመንገድ ነው የሠራው፣ ረሃብ ይይዛል።

ከወንዙ አትጠጪ። ውሃው መስታወት ቢመስልም አትጠጪ። ላይ ከብት አለ፣ ሰውም አለ። ጃርዲያን አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቅ የለም፣ በተራራ ውሃም ይመጣል። አልቅትም አለ። አጎንብሶ በአፉ የሚጠጣ ሰው ጉሮሮ ወይም አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ውሃ ካለቀባችሁ አፍሉት። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ መንተክተክ ሲጀምር አታውርዱት፣ 3 ደቂቃ ይፍላ። ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ ከፋርማሲ ይዘሽ ሂጂና ላዩ ላይ የተጻፈውን መጠን ተከተዪ።

ውሻ ያለው ጓደኛ ካላችሁ ውሻው ቤት ይቅር። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያሉት ባሌ ነው። ከውሻ የሚተላለፍ የእብደት በሽታ ብዙዎቹን ፈጅቷቸዋል። በዚህ ነገር ላይ ለማንም አላዝንም።

ስለ እናትሽ። ልክ ናቸው። «ማን አለሽ?» ላሉት መልስ ስጪያቸው። የአስጎብኚውን ስልክ፣ የምታድሩበትን ቦታ፣ በየትኛው መንገድ ወጥታችሁ በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጪያቸው። ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ እንደሚጠፋም ቀድመሽ ንገሪያቸው። ስልክሽ ዝግ ሲሆን ክፉ እንዳያስቡ። ከዚያ ተመልሰሽ ስትደርሺ መጀመሪያ የምትደውዪው ለእሳቸው ይሁን። ፎቶው ይደርሳል።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ግንፍሌ ወንዝ አጠገብ ነው። 6 እና 9 ዓመት የሆናቸው ልጆች አሉኝ። በአዲሱ የወንዝ ዳር መንገድ ይዤያቸው ብሄድ ምን ይሉኛል? ትንሹ ውሃ ካየ መግባት ይፈልጋል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በበጋ ይሂዱ። ልጅ በከተማ ውስጥ ወንዝ እያየ ማደጉ ትልቅ ነገር ነው። ውሃው ውስጥ ግን አያግቡት። ከየቤቱ የሚወጣው ፍሳሽ ይገባበታል፣ ቁስል ያለው እግር ደግሞ አደጋ ነው። የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

በክረምት ከሰዓት በኋላ ዳርቻው ላይ አይውረዱ። አራት ኪሎ ፀሐይ ቢሆን እንኳን። ቀና ብለው ወደ ሰሜን እንጦጦን ይዩ። እንጦጦ ከጠቆረ ወንዙ ሊሞላ ነው። ደራሽ ውሃ የሚመጣው ከዚያ ነው፣ ጊዜም አይሰጥም። ይህን ምልክት ለ9 ዓመቱ ልጅዎ ያስተምሩት። በዚያ ዕድሜ ይገባዋል።

ትንሹን ደግሞ አንድ ቀን ማለዳ ሽቅብ ይውሰዱት። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ለቤተሰብ የሚሆን መንገድ አለው። ጉለሌ የእጽዋት ማዕከልም አለ፣ የጠጠር መንገዱ ሰፊ ነው፣ ትንሽ እግርም ይችለዋል። ግንፍሌ የሚጀምረው ከእንጦጦ ነው። ከዚያ በቤትዎ በኩል አልፎ ከቀበና ይገናኛል። ቀጥሎ ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር ውስጥ፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። እኔ ለተማሪዎቼ ይህን በካርታ ነበር የማሳየው። እርስዎ ከምንጩ አጠገብ ቆመው በጣትዎ ሊያሳዩት ይችላሉ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከቤት ይውጡ፣ ዳቦና ሻይ ይያዙ፣ ቅያሪ ካልሲም ለትንሹ።