ሳይክሉን እንዳታስጠግኑት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የአክስትሽን ልጅ በሳይክል ወደ ሥራ ሲሄድ መኪና ገጭቶ ገደለው። ትራፊኩ "ሳይክሉ ድንገት መንገድ ውስጥ ገባ" ብሏችኋል። ሰልስቱ ሳይወጣ ሽማግሌ መጣ። "ብንከስ ፍትሕ እናገኛለን ወይስ ይቅር?" ነው ያልሽው። ነፍስ ይማር፣ አክስትሽንም ፈጣሪ ያጽናት። በዚህ መንገድ ስላለፍኩ የማውቀውን በሙሉ እጽፍልሻለሁ። ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ታናሽ ወንድሜ የሞተው በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው፣ እዚሁ ጅማ፣ በአጋሮ መውጫ። ወተት ያመላልስ ነበር። ሌሊት ተነስቶ ከገጠር ያመጣና ሂርማታና ፈረንጅ አራዳ ላሉ ሻይ ቤቶች ያደርሳል። ቢጫ ጀሪካኑን ከኋላው በጎማ ገመድ ጥርቅም አድርጎ ያስረዋል። የቡና ወራት ስለነበር መንገዱ ገና ሳይነጋ በጭነት መኪና ተሞልቷል። አንዱ ገጨው።

እኔ ስደርስ አስከሬኑ ተነስቷል። ትራፊኩ ፕላን፣ ማለትም የአደጋውን ቦታ ንድፍ፣ እያነሳ ነው። ሳይክሉ መሀል አስፋልት ላይ ወድቋል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው "ሳይክለኛው ወደ መሀል ገብቶ" የሚል ነው። ሾፌሩም የተናገረው ያንኑ ነው። ወንድሜ ተነስቶ "አልገባሁም" አይል።

ግን ወተቱ ነበረ። ጀሪካኑ ፈንድቶ የፈሰሰው ወተት ከአስፋልቱ ጠርዝ፣ ከጠጠሩ ላይ ነው የሚጀምረው። ከዚያ ነጭ መስመር ሆኖ ሳይክሉ እስከወደቀበት ድረስ ይሄዳል። ማለትም የተመታው ዳር ላይ ነው፣ መሀል ያደረሰው መኪናው ጎትቶት ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ይህን የማይበት ዓይን አልነበረኝም። ያየው አንድ ባጃጅ ነጂ ነው፣ በስልኩ ሁለት ፎቶ አንስቷል። ረፋድ ላይ ተመልሼ ስሄድ ፀሐይና ጎማ ጠራርጎት አንዲት ነጭ ጠብታ እንኳ አልነበረችም።

ሁለተኛው ምስክር ራሱ ሳይክሉ ነው። የፊቱ ቸርኬ ምንም አልሆነም፣ በእጅ ሲያሽከረክሩት ይዞራል። የኋላው ግን ስምንት ሠርቷል። ፓራፋንጎው ታጥፎ ጎማው ውስጥ ገብቷል። ከጎን ድንገት የገባ ሳይክል እንዲህ ከኋላ አይመታም። አጎቴ "ዓይናችን አይየው" ብሎ ለጠጋኝ ሊሰጠው ነበር። እናቴ ናት እምቢ ያለችው። የልጇ እጅ የነካው ዕቃ ስለሆነ ነው እንጂ ማስረጃ ይሆናል ብላ አልነበረም።

ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት ይህን የምልሽ፦ ሳይክሉን አታስጠግኑት፣ አትሽጡት፣ አትጠቡት። ፖሊስ ጋ ካለ ኤግዚቢት፣ ማለትም የማስረጃ ዕቃ፣ ሆኖ መመዝገቡን አረጋግጡ። ቤት ካለ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱትና መርማሪው እንዲረከበው ጠይቁ። ምስክርም ዛሬ ፈልጉ። በዚያ ሰዓት እዚያ ቦታ ማን ይውላል? ባጃጆች፣ ቁርስ የምትሸጥ ሴት፣ የጥበቃ ሠራተኛ። ሰው ከሳምንት በኋላ "አላየሁም" ማለት ይጀምራል። ስማቸውን ለመርማሪው ስጡ፣ ቃላቸው መመዝገቡንም ተከታተሉ።

እኛ ፎቶውንና ሳይክሉን ይዘን ዐቃቤ ሕግ ጋ ሄድን። መጀመሪያ መዝገቡ ሊዘጋ ነበር። በጽሑፍ አቤቱታ አስገብተን ተጨማሪ ምርመራ ታዘዘ። ሾፌሩ በቸልተኝነት ሰው በመግደል፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ንዑስ 2 ተከሰሰ። በ1996 የወጣው ሕግ በዚህ ንዑስ አንቀጽ የሚያስቀምጠው ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና የገንዘብ መቀጮ ነው። ሾፌሩ ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ ከጣሰ፣ ወይም መጠጥ ወይም አደንዛዥ ዕፅ ወስዶ ከነበረ ግን ንዑስ 3 አለ። እሱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ጠጥቶ እንደሆነ፣ መንጃ ፈቃዱም ለዚያ መኪና የሚሆን መሆኑ በምርመራው ይጣራ ብላችሁ አመልክቱ። የእኛ ሾፌር 2 ዓመት ተፈረደበት። ለወንድሜ ሕይወት ይበቃል አልልሽም። ግን "ራሱ ገብቶ ነው የሞተው" የሚለው ወሬ ያን ቀን ቆመ። እናቴ ሌሊት መተኛት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።

ካሳው ሌላ ጉዳይ ነው። ሾፌሩ ደመወዝተኛ ነው፣ ምንም የለውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ግን የመኪናውን ባለቤት ተጠያቂ ያደርጋል፣ መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆንም። ባለቤቱ የሚያመልጠው በዋናነት ጥፋቱን ሟቹ ላይ በመጣል ነው። ያቺ "ድንገት ገባ" የምትል ቃል ለምን ዋጋ እንዳላት ገባሽ? ወንጀሉንም ካሳውንም አብራ ትገድላለች።

እዚህ ላይ እኔ የተሳሳትኩትን ልንገርሽ። ክሱን በራሴ ስም ላቀርብ ነበር። ወንድም አይችልም። ሕጉ የሚፈቅደው ለባል ወይም ለሚስት፣ ለወላጆችና ለልጆች ነው። በእናንተም ጉዳይ ሚስትና ልጅ ከሌለው ከሳሿ አክስትሽ ናት፣ አባትየው በሕይወት ካለም እሱ። ይጦራት እንደነበረም ማስረዳት አለባት። እኛን ያዳነን የሻይ ቤቶቹ የዱቤ ደብተር ነው። በየቀኑ ስንት ሊትር እንዳስረከበ፣ ስንት እንደተከፈለው ተጽፎበታል። ባለ ሻይ ቤቶቹም መጥተው መሰከሩ። ለሐዘኑ ራሱ፣ ለሞራል ጉዳት፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። የእናት እንባ ይህን ያህል ብቻ መተመኑ አሁንም ያንገበግበኛል። ስለዚህ ጠበቃችሁ በደረሰው የኑሮ ኪሳራ ላይ ያተኩር። ሁለት ዓመት ሳይሞላም ክሱን አስገቡ፣ በይርጋ እንዳይቀር።

የመኪናውን የሦስተኛ ወገን መድንም እንዳትረሱ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተጻፈው የሞት ካሳ ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። አሁን በሥራ ላይ ያለውን መጠን መድን ድርጅቱን በጽሑፍ ጠይቁ። እሱን መቀበል ቀሪውን ከባለቤቱ ከመጠየቅ አያግድም፣ ብቻ የምትፈርሙትን አንብቡ።

ስለ ሽማግሌዎቹ። እኔ እርቅን አልጠላም። ጉማ የአገራችን ወግ ነው፣ ደም ያደርቃል፣ ቂም ለልጅ እንዳይተርፍ ያደርጋል። እኛም በመጨረሻ ታርቀናል። የሾፌሩ እናት እናቴ እግር ላይ ስትወድቅ እናቴ ናት ያነሳቻት፣ አብረው አለቀሱ። ግን ጊዜ አለው። ሰልስቱ ሳይወጣ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሽምግልና ለሐዘናችሁ የመጣ አይመስለኝም። እኛ ጋ የቀረበው ወረቀት "ከእንግዲህ የምንጠይቀው የለም" ይል ነበር። እሷን ከፈረማችሁ የካሳው ነገር ሊያበቃ ይችላል። የወንጀል ክሱ የመንግሥት ስለሆነ በቤተሰብ ፊርማ አይዘጋም፣ እርቁ ቅጣት ያቀልላል እንጂ። ምስክሮች ግን "ታርቀው የለ" ብለው ይቀራሉ። ሽማግሌዎቹን በአክብሮት አስተናግዱ፣ ቡናም ጠጡ። "ምርመራው ይለቅ፣ እንመካከርበታለን" በሏቸው። የሚያከብራችሁ ሽማግሌ ይጠብቃል።

መዝገቡ በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ቋንቋውን አጥርቶ የሚያነብ ሰው አብሯችሁ ይሂድ። እኔ ፕላኑ ላይ ምን እንደተጻፈ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ለጠበቃ አቅም ከሌላችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ ጠይቋቸው።

የሚያነብላችሁ ካጣችሁ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ከሥራ አስፈቅጄ ፖሊስ ጣቢያው ድረስ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። እስከዚያው ግን ሳይክሉ የት እንዳለ ዛሬ ማታ እወቁ። ነገ ጠዋትም አደጋው በደረሰበት ሰዓት ቦታው ላይ ቁሙና በዚያ ሰዓት ማን እንደሚያልፍ እዩ።