ስብሰባው ላይ ልሂድ ወይስ ልቅር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጀርመን፣ ጌልዘንኪርሽን ነው። ከመጣን ስድስት ዓመት ሆነን። ከቤታችን ፊት ለፊት ድሮ የድንጋይ ከሰል ባቡር ያልፍበት የነበረ ሰፊ ባዶ መሬት አለ። ሐዲዱ ተነሥቷል፤ አሁን ቁጥቋጦና የተሰባበረ ጠርሙስ ብቻ ነው። የሰባትና የአራት ዓመት ልጆቼ በመስኮት ያዩታል እንጂ አይጫወቱበትም። ሰሞኑን ፖስታ ሣጥናችን ውስጥ ወረቀት ገባ። የሰፈሩ ሰዎች ቦታውን ራሳቸው ሊያለሙት ስላሰቡ ነዋሪው ሁሉ መጥቶ ይምከርበት ይላል። ታች ቤት የሚኖሩት ጀርመናዊት አሮጊት «የግድ ነይ» አሉኝ። ባለቤቴ ግን «በሰው አገር ጉዳይ ምን አገባን? ነገ ቤት ቀይረን እንሄዳለን» ይላል። ጀርመንኛዬ ገና ነው፤ ሰው ፊት አፍ አውጥቼ የምናገር አይመስለኝም። ብሄድስ ምን ልላቸው? ጎመንና ቃሪያ የምተክልባት ትንሽ መደብ ባገኝ ግን እንዴት ደስ ባለኝ።
እናት ነኝ፣ ከጌልዘንኪርሽን

መልስ፦ እኅቴ፣ ሂጂ። መጀመሪያ እሱን ልበልሽና ወደ ምክንያቱ ልምጣ።

እኔም ሩር ውስጥ፣ ማለት ከተማሽ ባለችበት የድንጋይ ከሰል አካባቢ፣ 28 ዓመት ኖሬያለሁ። ኤሰን ከተማ ሳለሁ የዞልፌራይን ከሰል ጉድጓድ ማማ ከመስኮቴ ይታየኝ ነበር። ጉድጓዱ በ1986 ተዘጋ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) ከ2001 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፤ ጎብኚ ይጎርፍበታል። የእኛ ሰፈር ግን ከማማው ትንሽ ራቅ ያለ፣ ማንም የማይጎበኘው ሰፈር ነበር። አንድ ቀን ልክ እንዳንቺው ወረቀት ደረሰኝ። አደባባያችን ሊታደስ ነውና ኑ ይላል። ጣልኩት። የማታ ፈረቃ ነበርኩ፤ ጀርመንኛውም ከብዶኛል፤ ደግሞም እንደ ባለቤትሽ «ምን አገባኝ» ብያለሁ። ከዓመት በኋላ አደባባዩ ታድሶ አየሁት። የተነጠፈው ድንጋይ ያምራል። አግዳሚ ወንበሮቹ ግን ጀርባቸውን ለልጆቹ መጫወቻ ሰጥተው ተተክለዋል። እናቶች ልጆቻቸውን ለማየት ቆመው ይውሉ ነበር። እኔ በየቀኑ ልጄን ይዤ የምሄድ ሰው ነኝ። ያን ሊነግራቸው ይችል የነበረው እኔ ነበርኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንቺም መሐንዲሱ የማያውቀውን ታውቂያለሽ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የትኛው ጥግ ላይ እንደምታርፍ ከመስኮትሽ ስድስት ዓመት አይተሻል። ጠርሙሱን ማታ ማታ ማን እንደሚሰባብረው፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመለሺ የትኛው መንገድ ላይ መኪና እንደሚያስፈራሽም ታውቂያለሽ። ከስብሰባው በፊት ልጆቹን ይዘሽ ዙሪያውን አንዴ ዙሪው። በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ከዚያ ሦስት ዐረፍተ ነገር በጀርመንኛ ጻፊ። ሦስት ይበቃል። ታች ቤት ያሉት እናት ያርሙልሽ። የሰባት ዓመት ልጅሽን ግን አስተርጓሚ አታድርጊ፤ ስብሰባው ለልጅ ይከብዳል።

ጊዜ ካገኘሽ በባቡር ወደ ኦበርሃውዘን ሄደሽ አይዘንሃይም የሚባለውን ሰፈር እዪ። በሩር ከሁሉም የቆየው የሠራተኞች ሰፈር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቤቶች የተሠሩት በ1846 ነው። በ1970ዎቹ ይፍረስና ሌላ ይሠራበት ተባለ። የሰፈሩ ሰዎች እምቢ አሉ። አብዛኞቹ የብረትና የከሰል ሠራተኞች፣ ጡረተኞች፣ የቤት እመቤቶች ናቸው። ሰፈሩ ውስጥ የጋራ የልብስ ማጠቢያ ቤቶች ነበሩ። በየቤቱ ማጠቢያ ማሽን ሲገባ እነዚያ ባዶ ቀሩ። ሰዎቹ አንዱን መሰብሰቢያ አደረጉትና «የሕዝብ ቤት» አሉት። ሌላውን ለልጆቹ ሰጡ። ለመምከሪያም ለመታገያም ቦታ ሆናቸው፤ ሰፈሩም ሳይፈርስ ቀረ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አዛውንቶቹ ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ነበር፤ ልክ እንደኛ አገር ሰፈር። አንዱ «ግሉክ አውፍ» አሉኝ። ከሰል ቆፋሪዎች ወደ ጉድጓድ ሲወርዱ የሚባባሉት ሰላምታ ነው፣ «በሰላም ውጣ» እንደ ማለት።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። «ነገ እንሄዳለን» ያለው እሱ የመጀመሪያው አይደለም። ጀርመን ከቱርክ ጋር የሠራተኛ ስምምነት የፈረመችው በ1961 ነው። እነዚያ ሰዎች ሩር መጥተው ከሰል ቆፈሩ። ሻንጣቸውን አልፈቱም ነበር፤ ሁለት ሦስት ዓመት ሠርተን እንመለሳለን ባዮች ነበሩ። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ከልጆችሽ ጋር አንድ ክፍል ይማራሉ። ነገ ብትሄዱ እንኳ ልጆቻችሁ እስከዚያ የት ይጫወቱ? የአራት ዓመት ልጅ ባዶ መሬት እያየ ዐሥር ዓመት ሲሞላው ማየት በጣም ያሳዝነኛል።

ደግሞ ይህን ንገሪው፦ እድር ያውቃል አይደል? ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ድንኳኑንና ወንበሩን የሚቆልፍ ዕቃ ጠባቂ። ጀርመኖቹ ፌራይን የሚሉት ከዚያ ብዙም አይርቅም። በሕጋቸው አንድ ፌራይን ለመመዝገብ ቢያንስ ሰባት አባል ይፈልጋል። እናንተ ሁለታችሁ፣ ታች ቤት ያሉት እናት፣ አራት ሰው ብቻ ቀረ። እድር ውስጥ ሠርቶ ያደገ ሰው ስብሰባው ውስጥ ገብቶ እንግዳ አይሆንም።

ስለ ጎመኑ አጥብቄ የምነግርሽ ነገር አለ። የከሰል ባቡር ያለፈበት አፈር ውስጥ በቀጥታ አትዝሪ። በተለይ አጠገቡ ከሰሉን ኮክስ ወደሚባለው የብረት ማቅለጫ ነዳጅ የሚለውጡበት ፋብሪካ ከነበረ ሬንጅና ሌላም መርዝ አፈሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ዓይን አያየውም። «አፈሩ ተመርምሯል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ከሦስቱ ዐረፍተ ነገሮችሽ አንዱ ይኸ ይሁን። ስለዚህ ነው በእንዲህ ያለ ቦታ የሰፈር አትክልተኞች ከፍ ባለ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ከውጭ የመጣ ንጹሕ አፈር ሞልተው የሚዘሩት። ለጎመንና ለቃሪያ ሣጥኑ ይመቻል፤ ለወገብም ጥሩ ነው። ሣጥኖቹን አንድ ላይ ሆናችሁ ብትሠሩ ወጪው ቀላል ነው። በአንዳንድ ሰፈሮች ለእንዲህ ያለ ነገር ነዋሪዎች ራሳቸው የሚወስኑበት አነስተኛ ገንዘብ አለ። ስሙ ረጅም ነው፣ ፈርፊውጉንግስፎንድስ። እናንተ ሰፈር ካለ ወረቀት ላይ አስጽፈሽ ውሰጂ።

ትዕግሥት ግን ይኑርሽ። በከተማችሁ የሚያልፈውን የኤምሸር ወንዝ ታውቂዋለሽ። ከሰሉ ከሥር ሲወጣ መሬቱ እየሰመጠ ከመሬት በታች የሚቀበር ቱቦ ስለሚሰብር፣ ለዓመታት የከተሞቹ ፍሳሽ ሁሉ በሲሚንቶ ቦይ ወንዙ ላይ ሲለቀቅ ኖረ። ማጽዳቱ በ1992 ተጀምሮ ፍሳሹ ሙሉ በሙሉ የቆመው በ2021 መጨረሻ ነው። የእናንተ ሜዳ ያን ያህል አይፈጅም። በሚቀጥለው ወር አበባ የሚያብብበት ግን አይምሰልሽ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ማንም ሳያነሳው እንዳይቀር፦ ከተሠራ በኋላ ማን ይጠርገዋል? የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ማን ጋ ይሆናል? በምርቃቱ ቀን ሁሉም ይመጣል። በኅዳር ዝናብ ቅጠል የሚጠርገው ግን ማነው? ኤሰን ሳለሁ ሦስት ሰው የጀመረው የአበባ መደብ አንዷ ሴትዮ ቤት ስትቀይር አረም ዋጠው። ቁልፉ እሷ ጋ ብቻ ነበር። ቁልፉ ቢያንስ ሦስት ቤት ይኑር፤ አንዱን አንቺ ያዢ።

ከስብሰባው በፊት ታች ቤት ያሉትን እናት ቡና ጥሪያቸው። አባታቸው ወይም ባላቸው ጉድጓድ ወርደው እንደሆነ ጠይቂያቸው። ከጓሮ ፍየል ያረቡ እንደነበርም ጠይቂ፤ እዚያ አገር ፍየልን «የከሰል ቆፋሪው ላም» ይሏት ነበር። ጨዋታው በዚያ ይከፈትልሻል። ስብሰባው ቀን አጠገባቸው ተቀመጪ። ጎመኑ ሲበቅል ፎቶውን ላኪልኝ።