የድረ ገጽ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች የደህንነት ክፍተት፦ ጥያቄና መልስ

መምህር፦ የምመልሰው በወርድፕረስ፣ በድሩፓልና በጁምላ የተሠሩ ድረ ገጾችን ደህንነት የሚመለከተውን ብቻ ነው። የስሪቱን ቁጥር ሳትጽፉ አትጠይቁ።

ከደብረ ማርቆስ፦ እንደምን ሰነበቱ መምህር። የትምህርት ቤታችን ድረ ገጽ በድሩፓል 7.31 ተሠርቶ ለዓመታት ሳይነካ ቆይቷል። ሰሞኑን የ7ን የመጨረሻ ስሪት ጫንሁበት። አሁን ከስጋት ነፃ ነን?

መምህር፦ አይደላችሁም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 2014 የወጣው 7.32 የደፈነው ክፍተት ማንኛውም እንግዳ የይለፍ ቃል ሳያስገባ በመረጃ ቋቱ ላይ እንዲያዝ የሚያስችል ነበር። ጥቃቱ በሰዓታት ውስጥ ስለ ጀመረ፣ የድሩፓል የደህንነት ቡድን ከሁለት ሳምንት በኋላ ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ማስተካከያው ይፋ በሆነ በ7 ሰዓታት ውስጥ ያልታደሰ የድሩፓል 7 ድረ ገጽ ሁሉ እንደ ተጠለፈ እንዲቆጠር አስታወቀ። አንዳንድ ሰርጎ ገቦች እንዲያውም ሌላ እንዳይሻማቸው ክፍተቱን ራሳቸው ደፍነውት ነበር። ማዘመን በሩን ይዘጋል እንጂ የገባውን ሌባ አያስወጣም። ከዚያ ቀን በፊት የተወሰደ መጠባበቂያ ቅጂ ካለህ ከእርሱ ተነሥተህ አድሰው፤ ከሌለህ ድረ ገጹን እንደ አዲስ ሠርተህ ጽሑፉንና ፎቶውን ብቻ እየመረመርህ አስገባ። የማታውቀው የአስተዳዳሪ ስም፣ በፎቶዎች ማኅደር ውስጥ የተገኘ የፒኤችፒ (የፕሮግራም ኮድ) ፋይል፣ የገጾቹ አድራሻዎች በሚመዘገቡበት የመረጃ ቋቱ ሜኑ ራውተር ሰንጠረዥ ውስጥ የተጨመረ እንግዳ መስመር፣ እነዚህን ሁሉ ፈልግ። ድሩፓል 7 ራሱም ከጃንዋሪ 5 ቀን 2025 ወዲህ ከዚያ ቡድን ማስተካከያ አይወጣለትም።

ከባሕር ዳር፦ ድረ ገጼ እጅግ ይዘገያል፤ የትኛው ሆስቲንግ ይሻላል?

መምህር፦ ይህ የደህንነት ጥያቄ አይደለም።

ከፍኖተ ሰላም፦ ወርድፕረስ 6.4 እጠቀማለሁ። በእኛ ዘንድ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለማዘመን አልችልም። ምን ይሻላል?

መምህር፦ ይህ ጥያቄ ብዙዎቻችሁን ይመለከታል። መስመሩ የሚቋረጠው በእናንተ ዘንድ ነው፤ ሰርቨሩ ውጭ አገር ከሆነ ለአጥቂው ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው። ስለዚህ ገጹ ያለ እናንተ ራሱን እንዲያዘምን አድርጉ። ወርድፕረስ እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው 3.7 ጀምሮ አነስተኛ የደህንነት ማስተካከያዎችን በራሱ ይጭናል፤ ለፕለጊኖች (ተጨማሪ ሥራ ለሚጨምሩ ቅጥያዎች) እና ለቴሞች (የገጹን መልክ ለሚወስኑ ንድፎች) ግን ምርጫውን እናንተ ማብራት አለባችሁ። 4.7.2 በጃንዋሪ 26 ቀን 2017 ሲወጣ፣ ማስተካከያው አስቀድሞ እንዲዳረስ ሲባል የከፋው ክፍተት እስከ ፌብሩዋሪ 1 አልተነገረም ነበር። ከዚያ በኋላ አጥቂዎች በዚሁ ክፍተት ገብተው ገጻቸውን ያበላሹባቸው ይህን ራስ ሰር ማዘመን ያጠፉት ወይም ያልሠራላቸው ናቸው።

ከዳንግላ፦ ይቅርታ መምህር፣ በራሱ የተጫነ ፕለጊን የሱቄን ገጽ አበላሽቶብኛል። አስቀድሞ ሳይፈትሹ መጫን አይገባም።

ከቡሬ፦ የተበላሸ ገጽ ይጠገናል፤ የተሰረቀ የደንበኞች መረጃ ግን አይመለስም።

ከዳንግላ፦ ገጹ ሲዘጋ የሚቀረው ሽያጭስ?

መምህር፦ ክርክሩ ይብቃ። ዕለታዊ መጠባበቂያ ቅጂ ከሰርቨሩ ውጭ ይቀመጥ፤ የተበላሸውም በእርሱ ይመለሳል። የማትጠቀሙበትን ፕለጊን ደግሞ ማቦዘን ብቻ ሳይሆን ሰርዙት። በ2020 በፋይል ማናጀር ፕለጊን ላይ የተገኘው ክፍተት በቀጥታ ሊጠራ በሚችል ፋይል ውስጥ ስለ ነበር፣ ፕለጊኑን ማቦዘን ብቻውን መከላከያ አይሆንም ነበር።

ከእንጅባራ፦ የሚሸጥ ቴም በነፃ አግኝቻለሁ። ልጫነው?

መምህር፦ አትጫነው። በእንዲህ ያለ ቅጂ ውስጥ የኋላ በር (አጥቂው በስውር የሚገባበት ኮድ) ተደብቆ መምጣቱ የተለመደ ነው።

ከሞጣ፦ ድረ ገጼ ተጠልፏል፤ ምን ላድርግ?

መምህር፦ የምን ድረ ገጽ? ስንተኛው ስሪት? ከመጀመሪያው መስመር ላይ ጽፌዋለሁ።

ከሞጣ፦ ይቅርታ፣ ጁምላ 4.2.6 ነው። ትናንት አዘመንሁት፤ አሁን ግን የማላውቀው አስተዳዳሪ ገብቷል።

መምህር፦ አሁን መመለስ ይቻላል። ከ4.0.0 እስከ 4.2.7 ያሉት ስሪቶች የመረጃ ቋቱን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ለውጭ ሰው ያሳዩ ነበር፤ ክፍተቱ የተደፈነው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 በወጣው 4.2.8 ነው። ደግሜ እላለሁ፦ ማዘመን የገባውን አያስወጣም። በመጀመሪያ የመረጃ ቋቱን የይለፍ ቃል፣ ቀጥሎም የአስተዳዳሪዎችን ሁሉ ለውጥ፤ ያን እንግዳ ከሰረዝህ በኋላ ከመግባቱ ወዲህ የተለወጡትን ፋይሎች በቀናቸው ለይተህ ዝርዝሩን ላክልኝ።