አስከሬኑ ላልተገኘ ወንድሜ ፍትሐት ይደረግለታል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ወንድሜ በ1991 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ጾሮና ግንባር ላይ ተሰዋ። መርዶው የደረሰን ዘግይቶ ነው። አስከሬን የለም፣ መቃብር የለም። ያለን የወታደር ልብስ ለብሶ የተነሣው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ያኔ አንድ ሽማግሌ «አስከሬን በሌለበት ምን ይፈታል? የሞተበት ቀንስ መች ታወቀና አርባው ይቆጠራል?» ስላሉን ፍትሐትም ተዝካርም ሳይደረግለት ቀረ። እናቴም «ፍትሐት ካደረግንለት እኛው ገደልነው ማለት ነው» ትላለች። አሁን ሰማንያ ሊሞላት ነው። ነፍሱ እዚያው ሜዳ ላይ ትንከራተታለች የሚሉ አሉ። ሰው ገድሎ ይሆናል ብዬም እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይኼን ያህል ዓመት ለቆየ ሐዘን «ያጽናሽ» አይባልም የሚልሽ ካለ አትስሚው። ቀብር ያላየ ሰው ለቅሶው ሁልጊዜ የትናንት ነው።

ተዝካር እንዴት እንደሚወጣ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ምን ተይዞ እንደሚኬድ ታውቂዋለሽና አልደግመውም። የምቆየው «አስከሬን ከሌለ ፍትሐት የለም» የምትለዋ ነገር ላይ ነው። ይቺን ነገር ብዙ ቤት ሰምቻታለሁ። በደርግ ጊዜ ልጆቻቸው ናቅፋና አፋቤት ከቀሩባቸው እናቶች ሰምቻለሁ። በባድመው ጦርነት ወንድም ካጡ ሰምቻለሁ። በቅርቡ በ2013 ዓ.ም. ከጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ወዲህም ወጣት ሚስቶች ይጠይቁኛል። ከባድ ስሕተት ነው። ስንቱን ቤት ያለ ጸሎት እንዳስቀረ ሳስበው ያመኛል።

ስሕተቱ የሚመጣው ሁለት ቃላት ከመደባለቅ ይመስለኛል። ግንዘት አለ፣ ፍትሐት አለ። ግንዘት መገነዝ ነው፤ እሱ አስከሬን ይፈልጋል፣ ክር ይፈልጋል፣ በፍታ ይፈልጋል። ፍትሐት ግን «ፈትሐ» ከሚለው የግእዝ ቃል የመጣ ነው፤ «ፈታ» ማለት ነው። የሚፈታው የኃጢአት እስራት ነው። ጌታችን ለሐዋርያት «በምድርም የምትፈቱት ሁሉ በሰማይ የተፈታ ይሆናል» (ማቴ. 18፥18) ያላቸው ሥልጣን ነው እዚያ ላይ የሚሠራው። ሁለቱ በአንድ ቀን ተከታትለው ስለሚፈጸሙ፣ ጸሎቱም መጽሐፈ ግንዘት ከሚባለው አንድ መጽሐፍ ስለሚነበብ፣ ሕዝቡ አንድ ነገር አድርጎ ያያቸዋል።

እስቲ አንድ ነገር አስቢ። ጎረቤት ሞቶ አርባው ሲወጣ ፍትሐት ሲደረግ ስንቴ ቆመሻል? አስከሬኑ እዚያ ነበር? አልነበረም። ሰውየው የተቀበረው ጎጃም፣ ፍትሐቱ የሚደረገው አዲስ አበባ የሚሆንበት ጊዜም ሞልቷል። ካህኑ ታዲያ በእጁ የያዘው ምንድን ነው? ስም ነው። ስመ ክርስትና።

አንድ ጊዜ በማገለግልበት ደብር አንዲት እናት ጋቢ ይዘው መጡ። ልጃቸው ሲዘምት ጥሎት የሄደው ጋቢ ነው። በነጠላ ጠቅልለውታል። «ይኼን ገንዙልኝ» አሉ። አረጋዊው ካህን ጋቢውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና አጠገባቸው አስቀመጡት። አልገነዙትም። «እማማ፣ ስመ ክርስትናው ማን ነው?» አሏቸው። እናትየዋ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ወልደ ገብርኤል» አሉ። ቤት ውስጥ ማንም በዚያ ስም አይጠራውም ነበር። ፍትሐቱ ተጀመረ። ካህኑ «ወልደ ገብርኤል» ባሉ ቁጥር እኚያ እናት ቀስ ብለው «አቤት» ይሉ ነበር። ልጁን ተክተው «አቤት» ይላሉ። እዚያ የነበርን ዲያቆናት ዜማው ጠፋብን። ጋቢውን ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ፤ በማግስቱ በር ላይ ለተቀመጠ አንድ ነዳይ አለበሱት።

መጽሐፍ ቅዱስን ካነሣን ደግሞ ያንቺን ቤት የሚመስል ታሪክ አለ። ሳኦልና ዮናታን በጊልቦዓ ተራራ ወደቁ። ዳዊት ጺቅላግ ነበር። ወሬው የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው፤ አስከሬን አላየም። የሳኦልን ሬሳ ጠላት ወስዶ በቤትሳን ቅጥር ላይ ሰቅሎታል። ዳዊት ግን «አስከሬኑ ይምጣና» አላለም። ልብሱን ቀደደ፣ አብረውት ከነበሩት ጋር አለቀሰ፣ እስከ ማታ ጾመ፣ «ኃያላን እንዴት ወደቁ!» ብሎ ሙሾ አወጣ (2ኛ ሳሙ. 1)። አጥንታቸውን ከኢያቢስ ገለዓድ አስመጥቶ በሳኦል አባት በቂስ መቃብር ያስቀበረው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው (2ኛ ሳሙ. 21)። አየሽ፣ አጥንቱ ቢዘገይም ለቅሶውና ጾሙ አልዘገየም።

የቀኑም ነገር እዚሁ ተመለሰ። ዳዊት ያለቀሰው በሰማበት ቀን ነው። መርዶው የተነገራችሁን ቀን ያዙ። እሱም ከተረሳችሁ ከንስሓ አባታችሁ ጋር ተመካክራችሁ፣ ወንድምሽ ይወደው የነበረ የአንድ ቅዱስ በዓል ካለ በዚያ ቀን ይሁን። ብድር ገብታችሁ ድንኳን እንዳትተክሉ ብቻ። ጸሎት፣ ቅዳሴ፣ ለነዳያን የሚሆን አንድ ማዕድ ይበቃል።

ነፍሱ ትንከራተታለች ለሚሉሽ ብዙ አልደክምም። «ለእግዚአብሔር ምድር በምልዓ»፣ ምድርና ሞላዋ የእግዚአብሔር ናት፣ እያልን እየዘመርን ጾሮናን ከምድር ልናወጣት ነው? የሙሴን መቃብርም «እስከ ዛሬ ድረስ ማንም አላወቀም» (ዘዳ. 34፥6)።

ሰው ገድሎ ይሆናል ያልሽው ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ይህን በመፍራትሽ አልወቅስሽም፤ ክርስቲያን መፍራት ያለበት ነገር ነው። ቅዱስ ባስልዮስ አባቶች በጦርነት የገደለን ከነፍሰ ገዳይ እንዳልቆጠሩት ጽፏል። ግን እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ ለሦስት ዓመት ከቅዱስ ቁርባን ቢቆጠቡ መልካም ሳይሆን አይቀርም አለ። ነፍሰ ገዳይ አላለውም፣ ምንም አልሆነም ብሎም አላለፈውም። «ለሀገሩ የሞተ ጸሎት ምን ያደርግለታል?» የሚሉም ያጋጥሙኛል። ያስፈልገዋል! ወንድምሽ ንስሓ የሚገባበት ሦስት ዓመት አላገኘም። ሦስት ደቂቃም አላገኘ ይሆናል። እንግዲህ ያልደረሰለትን እኛ እንለምንለት እንጂ ለምን እንፈርድበታለን?

እናትሽን በግድ አትጎትቻት። «ገደልነው» ማለቷ ከፍቅር ነው። የተገፋ በር ስትሰማ እስከ ዛሬ ቀና ትል ይሆናል። ቀስ ብለሽ «እማዬ፣ እግዚአብሔር ዘንድ የሞተ የለም፤ ሁሉ ለእርሱ ሕያዋን ናቸው» (ሉቃ. 20፥38) በያት። ፍትሐት ማለት እግዚአብሔር ፊት ስሙን መጥራት ነው፤ በስሙ መጠራት የገደለው ሰው ደግሞ የለም። እሺ ካላለች፣ አንቺ ሂጂና አስደርጊለት። እሷ ቤቷ ሆና ፎቶው ፊት ጧፍ ታብራ። ጊዜዋን ጠብቃ ትመጣለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ዳዊት ያለቀሰው ለወዳጁ ለዮናታን ብቻ አልነበረም። ሊገድለው ያሳድደው ለነበረው ለሳኦልም አልቅሷል። መስከረም 2011 ዓ.ም. ኢትዮጵያንና ኤርትራን የሚያገናኘው የዛላምበሳ መንገድ ሲከፈት ከሁለቱም ወገን ሰው ተቃቅፎ ሲያለቅስ አይተናል። በማዶም ልጇ ከጾሮና ያልተመለሰላት እናት አለች። ለእሷም ልጅ ፍትሐት ሲደረግ የሚነበበው በዚሁ በግእዛችን ነው። ለወንድምሽ ስትጸልዪ በልብሽ እሱንም ጨምሪው።

እዚህ ባይወጣም በጥያቄሽ የወንድምሽን ስም ከነአባቱ ጽፈሻል፤ ስመ ክርስትናውን ግን አልጻፍሽም። ምናልባት አታውቂው ይሆናል። እናትሽ ታውቀዋለች። ዛሬ ማታ ቡና ስታፈሉ ሌላ ምንም ሳትዪ እሱን ብቻ ጠይቂያት።