የሕፃናትና የወጣቶች እንክብካቤ ሙያ፦ ከጎንደር ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

እንደምን ሰነበታችሁ። የማኅበራዊ ሥራ (ሶሻል ወርክ) ባለሙያ ነኝ፤ ጎንደር ውስጥ ከሕፃናትና ከወጣቶች ጋር ስሠራ ቆይቼ አሁን ወደ ሙያው የሚገቡትን አሠለጥናለሁ። ስለ ሥልጠናውም ስለ ሥራውም የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ስለ ደመወዝ የጠየቃችሁ ብዙ ስለሆናችሁ ከእሱ ጀምሬ ልገላገል፦ በዚህ ሙያ የከበረ ሰው አላውቅም። የመንግሥት ቅጥር ትንሽ ቢከፍልም ይዘልቃል፤ ግብረ ሰናይ ድርጅት የተሻለ ይከፍላል፣ ነገር ግን ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ውሉም አብሮ ያልቃል። ይህን አውቃችሁ ግቡ።

ጥያቄ፦ መምህርት፣ የምኖረው አዘዞ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፌያለሁ። ከልጆች ጋር መሥራት ለሚፈልግ ሰው ሶሻል ወርክ ይሻላል ወይስ ሳይኮሎጂ?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ። ሁለቱም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይሰጣሉ፤ ምደባው ከደረሰሽ ከቤትሽ ሳትርቂ መማር ትችያለሽ። ልዩነቱን በምሳሌ ልንገርሽ። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል እንበል። የሳይኮሎጂ ምሩቅ መጀመሪያ የምታየው የልጁን ፍርሃት፣ ትኩረቱንና የመማር ችግሩን ነው። የሶሻል ወርክ ምሩቅ ደግሞ ቤቱ ድረስ ትሄዳለች፤ እናቱ አልጋ ላይ መዋሏን፣ ታናሽ እኅቱን የሚይዘው እሱ መሆኑን ታያለች፣ ከዚያም ቀበሌውን፣ ዕድሩንና ጤና ጣቢያውን ታንኳኳለች። ልጁ ሁለቱንም ይፈልጋል። ምረጪልኝ ካልሽኝ ግን ሶሻል ወርክ እልሻለሁ፤ ምክንያቱም የመስክ ልምምዱ የትምህርቱ ዋና አካል ነው። ልምምዱን አደራ አታባክኚው። ስምሽን ፈርመሽ የምትመለሺበት ቢሮ ሳይሆን፣ የጻፍሽውን አንብቦ «ይህን ለምን አልጠየቅሽም?» የሚልሽ ባለሙያ ያለበትን ቦታ ፈልጊ። የመጀመሪያውን የጋራ ዓመት ጨምሮ ትምህርቱ አራት ዓመት ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተናውን ሳያልፉ መመረቅ የለም።

ቤተሰቦችሽ «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ትምህርት ነው?» ቢሉሽ አትፍረጂባቸው። አዲስ አበባ ላይ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በደርግ ዘመን ተዘግቶ እንደገና የተከፈተው በ1996 ዓ.ም. ነው። ለሠላሳ ዓመት ያህል አገሪቱ ይህን ሙያ ሳታስተምር ኖራለች።

ጥያቄ፦ 50 በመቶ ባላመጣስ?

መልስ፦ የማካካሻ ትምህርቱ ከደረሰህ ግባበት። ካልሆነም የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና አለ፤ ሥልጠናውን ጨርሰህ የብቃት ምዘናውን ካላለፍክ ግን ወረቀቱ ብቻውን ሥራ አያስገኝም። ከትንንሾቹ ጋር መዋል ከወደድክ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅን የቅድመ መደበኛ ሥልጠና ጠይቅ። ወደ ዲግሪ ኋላ ትመለስበታለህ።

ጥያቄ፦ አምስት ልጅ አሳድጌያለሁ፤ ዕድሜዬ ከአርባ አልፏል፤ የተማርሁት እስከ ስምንተኛ ነው። የሕፃናት ማቆያ ልቀጠር ብል የእኔ ልምድ ይቆጠራል?

መልስ፦ እትዬ፣ ይቆጠራል። ሌት ከሚያለቅስ ሕፃን ጋር ያደረ ሰው ያለውን ትዕግሥት ክፍል ውስጥ ማስተማር ከባድ ነው። ቦታውም እየሰፋ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ለወላድ ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሰጥቶ ነበር፤ መሥሪያ ቤቶችም ሠራተኞቻቸው የሚያጠቡበትና ሕፃናት የሚቆዩበት ክፍል እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ተተክቷል። ቁጥሩን ያስቡት፦ በዚያ ስሌት እናት ወደ ሥራ ስትመለስ ሕፃኑ ገና ሦስት ወሩ ነው። ያን የሦስት ወር ልጅ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።

ሆኖም ሥልጠናው ከሚያውቁት ጋር የሚጋጭባቸው ቦታዎች አሉ፤ ቅር አይበልዎት። ለአራስ ልጅ ቅቤ ማስዋጥ የለም። እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ውኃም አይሰጥም፤ እናቲቱ ከጡቷ አውጥታ የምታስቀምጠው ወተት እንዴት እንደሚያዝ ይማራሉ። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል በአካባቢያችን አሁንም ይደረጋል፤ ሠራተኛዋ ይህን ለእናቶች መምከር ቀርቶ ሲባል ሰምታ ዝም ማለትም አይገባትም። ሕፃን የሚተኛው በጀርባው ነው። ቆሎና ኦቾሎኒ ትንንሽ ልጆች እጅ እንዳይገባ፤ ትንታ ሆኖ ትንፋሽ ይዘጋል። ቁንጥጫም የለም፣ «ለወጉ ያህል» የምንላትም ብትሆን።

ከሁሉ የሚከብድዎት ደብተሩ ይመስለኛል። ልጁ በስንት ሰዓት በላ፣ ስንት ጊዜ ተቀየረ፣ ትኩሳቱ ስንት ነበር፣ ማን መጥቶ ወሰደው፤ ሁሉም ይጻፋል። ስምንተኛ ክፍል ለዚህ ይበቃል። «አክስቱ ነኝ» ያለ ሁሉ ልጅ ይዞ አይሄድም፤ በደብተሩ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ቢቆጣም ይቆጣ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ፒያሳና መናኸሪያ አካባቢ ላሉ የጎዳና ልጆች ምግብና ልብስ ልንሰጥ አስበናል። እግረ መንገዳችንንም ልምድ እናገኛለን ብለን ነው።

መልስ፦ ሐሳባችሁ መልካም ነው፤ አካሄዱን ግን ለውጡት። በዓል በመጣ ቁጥር ልብስ የሚሰጠው ሰው አይጠፋም፤ ልጁም ማታ ልብሱን ሸጦት ወይም ትልልቆቹ ቀምተውት ታገኙታላችሁ። የጎደለው በቀጠሮው ቀን የሚመለስ ሰው ነው።

እኔ ሠልጣኞቼን የምልካቸው ባዶ እጃቸውን ነው። ሊስትሮው አጠገብ ተቀመጡ፣ ጫማችሁን አስጠርጉ፣ ሒሳቡን ክፈሉ፣ ስማችሁን ንገሩት፣ መቼ እንደምትመለሱ ንገሩትና ሂዱ። በዚያ ቀን በዚያ ሰዓት ተመለሱ። የመጀመሪያው ቀን «እናቴ ሞታለች» ቢላችሁ አትመርምሩት፤ ሁሉም ለማያውቀው ሰው የሚነግረው አንድ ታሪክ አለው፤ ሲያምናችሁ ሌላውን ይነግራችኋል። ከየት እንደመጣ ስትጠይቁ የወረዳውን ስም ላያውቀው ይችላል። በሰፈሩ ያለውን ታቦትና ገበያው የሚቆምበትን ቀን ግን ያውቃል። «ቅዳሜ ገበያ፣ ሚካኤል አጠገብ» የሚለው ቃሉ ቤተሰቡ ደጃፍ ድረስ ሊያደርሳችሁ ይችላል።

ግቡም ያ ደጃፍ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ ሕፃናትን ተቋም ማስገባት የመጨረሻ አማራጭ ነው ይላል፤ ከእሱ በፊት የገዛ ቤተሰብ፣ ዘመድ፣ ልጁን ለጊዜው የሚያሳድግ አደራ ቤተሰብ አለ። ልጁን አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ መሸኘት ግን ከቤተሰብ ጋር መቀላቀል አይባልም። ከቤት ያስወጣው ነገር፣ የእንጀራ አባት ዱላም ይሁን የደብተር መግዣ እጦት፣ እዚያው እየጠበቀው ነው። አስቀድማችሁ ቤቱን እዩ፣ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋገሩ፣ ከተመለሰም በኋላ ተከታተሉ። አንዳንዱ ደግሞ ወደ መተማ የሰሊጥ እርሻ ሲያልፍ ከተማችን ላይ ገንዘብ የጨረሰ ነው፤ ከእሱ ጋር የሚደረገው ንግግር ሌላ ነው፤ ሠርቶ ብር ይዞ መግባት ይፈልጋልና ባዶ እጁን ሂድ ስትሉት ያፍራል።

ብቻችሁን አትጀምሩ። የከተማውን ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መምሪያ አነጋግሩ፤ እንደ የነገ ተስፋ ያሉ ከጎዳና ልጆች ጋር የሚሠሩ የከተማችን ድርጅቶች በጎ ፈቃደኛ ይፈልጉ እንደሆነም ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የአብነት ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ነኝ። ይህ ሙያ የቆሎ ተማሪዎችን ይመለከታል ወይስ ጉዳዩ የቤተ ክርስቲያን ነው?

መልስ፦ አባቴ፣ ይመለከታል። ከእናቱ ጉያ ወጥቶ ጎጆ ውስጥ የሚያድር የአሥር ዓመት ልጅ ለምዱን ለብሶ አኩፋዳውን ቢይዝም ልጅ ነው። ሠልጣኝ ግን ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ዘው ብሎ እንዲገባብዎት አልፈልግም፤ መጀመሪያ የኔታን ያስፈቅድ። ጎጆዎቹ ሲጨናነቁ እከክና ቅማል ይበዛል፤ በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ደግሞ ይገድላል። አንድ ልጅ ብርድ ብርድ ብሎት ተኝቶ፣ ድኖ፣ እንደገና ከወደቀ በጸበልና በእንቅልፍ ብቻ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ልብስ መቀቀያ በርሜልና ሳሙና ከብዙ ስብከት ይበልጣል። ሌላው ክፉ ነገር ውሻ ነው፤ በእንተ ስማ ለማርያም ሲሉ የተነከሱ ልጆች ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና አጥበው የእብድ ውሻ መከላከያ ክትባት መውሰድ አለባቸው።

ጥያቄ፦ ረዳት መምህርት ነኝ። ተማሪ የጥቃት ምሥጢር ቢነግረኝና «ለማንም እንዳትናገሪ» ቢለኝስ?

መልስ፦ «አልናገርም» ብለሽ ቃል አትግቢ። «ሊረዱህ ለሚችሉ ሰዎች ብቻ እናገራለሁ፤ ለማን እንደምነግር አስቀድሜ አሳውቅሃለሁ» በዪው። ዝርዝሩን አታስለፍልፊው፤ በየቢሮው ደጋግሞ መናገሩ ልጁን ይጎዳል፣ ቃሉንም ያዛባል። ያለውን ሁሉ በራሱ ቃል ጻፊ፤ «ተደፈረ» ብለሽ አታሳጥሪው። ወሲባዊ ጥቃት ከሆነ ሰዓቱ ወሳኝ ነው፦ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ከምርመራው በፊት አይታጠብ። የለበሰው ልብስ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ይጠቅለል፤ ላስቲክ እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሻል። በአንድ በኩል ሆስፒታል፣ በሌላ በኩል የፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል። ሽማግሌ ተልኮ «ነገሩ በዕርቅ ይለቅ» ቢባል ሽምግልናውን አክብረሽ እንቢ በዪ። ይህ የሚሸመገል ጉዳይ አይደለም።

ጥያቄ፦ ስንት ዓመት ድረስ ነው ሕፃን የሚባለው? ሕጎቹ ይምታቱብኛል።

መልስ፦ አትቸገር፣ አጭር ነው። ከ18 ዓመት በታች ሕፃን ነው፤ ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን በአዋጅ ያጸደቀችው በ1984 ዓ.ም. ነው፣ በሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 አለ። ጋብቻ 18። ሥራ 15፣ ከ15 እስከ 18 ላለውም በቀን ከሰባት ሰዓት አይበልጥም። ከዘጠኝ ዓመት በታች በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ላለው ፍርድ ቤቱ ልዩ እርምጃ አለው። ወጣት ደግሞ በ1996ቱ የወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29 ነው፤ የሚምታታብህ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የ16 ዓመቱ ልጅ ሕፃንም ወጣትም ነው።

ጥያቄ፦ የሕፃናትና የወጣቶች እንክብካቤ በውጭ አገር ራሱን የቻለ ሙያ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ካናዳ ውስጥ የኦንታሪዮ ኮሌጆች በዚሁ ስም የሦስት ዓመት ዲፕሎማ ይሰጣሉ፤ ቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲም በዲግሪ ያስተምራል። ለእኛ የምትቀርበው ደቡብ አፍሪካ ትመስለኛለች። እዚያ ሠራተኛው በሙያ ምክር ቤት ይመዘገባል፤ ኢሲቢንዲ በሚባለው አሠራርም የሰፈሩን ሰው ራሱን አሠልጥነው ወላጅ ወዳጣ ቤት ይልኩታል፦ አብሮ ያበስላል፣ የቤት ሥራ ያሠራል፣ ማታም ልጆቹ መተኛታቸውን ያያል። እኛ ዘንድ ትምህርቱ በየክፍሉ ስለተበታተነ፣ ሠልጣኙ ጥቂት ከሶሻል ወርክ፣ ጥቂት ከቅድመ መደበኛ፣ ጥቂት ከጤና እየለቀመ ራሱ ያሟላዋል። እንግሊዝኛ ለሚችል የዩኒሴፍ የኢንተርኔት ማሠልጠኛ በሆነው አጎራ ላይ ነፃ ኮርሶች አሉ።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ፤ «የሞግዚት ሥራ» እያሉ ይስቁብኛል።

መልስ፦ ይሳቁ። ጎዳና ላይ ያሉ ልጆች አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ የማይመታና የማይሰክር ወንድ አጠገባቸው ማየት ይጠቅማቸዋል። ከልጅ ጋር በሩን ዘግተህ ብቻህን አትቀመጥ፤ ደንቡ ለሴቶቹም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ሥራ ከጀመርሁ ገና መንፈቅ ነው፤ ማታ የልጆቹ ነገር ከሐሳቤ አይወጣም። አልተፈጠርሁበት ይሆን?

መልስ፦ ተፈጥረሽበታል፤ አልተደገፍሽም እንጂ። ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ጉዳዮችሽን አንድ በአንድ አብሮሽ የሚያይ የበላይ ባለሙያ እንዲመደብልሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ስልክ ቁጥርሽን ለልጆቹ ሰጥተሽ ከሆነ የቢሮውን ስጫቸው፤ ሌሊት ተረኛ ማን እንደሆነም ይወቁ። ከኪስሽ ብር መስጠትም አቁሚ፤ ያልሰጠሽው ልጅ ያየሻል፣ አንቺም ወር ሳይሞላ ትቸገሪያለሽ።

ጥያቄ፦ የረዳናቸውን ልጆች ፎቶ ገጻችን ላይ ብንለጥፍ ለጋሾች ይበረታታሉ፤ ፊታቸው እንዲታይ ልጆቹም ፈቅደዋል።

መልስ፦ አይለጠፍ። ምሳ ያበላኸው ልጅ «እንቢ» ሊልህ አይችልምና ያ ፈቃድ አይባልም። ለለጋሽ የተቀባውን ክፍል፣ የተገዛውን ደብተር፣ የወጪውን ሒሳብ አሳየው። የለጠፋችሁትንም ዛሬውኑ አንሡት።