«በእናቴ፣ ለማንም እንዳትነግሪ»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ኮምቦልቻ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ዶርሜቴ ውጤት ከተለጠፈ ወዲህ ሌላ ሰው ሆናለች። ሌሊት አትተኛም፣ ካፌ አትወርድም። ባለፈው የምትወደውን ሻርፕ «ከእንግዲህ አያስፈልገኝም» ብላ ሰጠችኝ። ትናንት ደግሞ «ተኝቼ ባልነቃ» አለች። ለማንም እንዳልናገር በእናቷ አስምላኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ከመሐላው ልጀምር። ይህን መሐላ መጠበቅ የለብሽም። ትቆጣሽ ይሆናል። ትቆጣ፣ ቁጣው ይበርዳል።

ዛሬውኑ ብቻችሁን ስትሆኑ በግልጽ ጠይቂያት፦ «ራስሽን ለማጥፋት እያሰብሽ ነው?» ብዙ ሰው ያላሰበችውን አስታውሳታለሁ ብሎ ይህን መጠየቅ ይፈራል። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። እኔ ስጠይቅ ከመልሳቸው በፊት እንባቸው የሚመጣ ብዙ ናቸው። እስከዚያ ድረስ የጠየቃቸው አልነበረም።

አዎ ካለች፣ ዝምም ካለች፣ አትገሥጫት። «ስንት ሰው ወድቆ ተነስቷል» የሚለውም ይቆይ። ስሚያት። ብቻዋን አትተዪያት፤ አንድ የምታምኛትን ልጅ ጨምሪና ተፈራረቁ። መድኃኒት፣ ስለት፣ የአይጥ መርዝ ከዶርሙ ይውጣ። ይህ ሐሳብ እንደ ወጀብ ነው፤ ይበረታል፣ ይረግባል። በበረታበት ሰዓት ከእጇ የሚገባ ነገር ማጣቷ ነፍሷን ያተርፋል።

ቀን ከሆነ የግቢው ክሊኒክ ወይም የተማሪዎች አማካሪ ጋ አብረሻት ሂጂ። «ሂጂና ታዪ» ብቻ ብትያት አትሄድም። እንዴት እንደምታደርገው አስባ ከሆነ ግን እስኪነጋ አትጠብቂ። የዶርሙን ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሯን፣ ቀስቅሺ። ቅርባችሁ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ከዚያ ወደ ደሴ ሪፈር ሊጽፉላት ይችላሉ፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ከዘገየ ባጃጅም ቢሆን ያዙ። ስትደርሱ «ራሷን አሟት» አትበሉ። «ራሷን ለማጥፋት እያሰበች ነው» በሉ፤ ያኔ አስቸኳይ መሆኑን ይረዳሉ።

የዋጠችው ነገር ካለ ደህና ነኝ ብትልም ሂዱ። አንዳንድ መርዝ ቆይቶ ነው የሚጎዳው። አታስመልሷት፣ ወተትም አታጠጧት። ማሸጊያውን ግን ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ ትምህርቷ ትጨነቅ ይሆናል። በሐኪም ማስረጃ ዊዝድሮዋል (ትምህርትን ለጊዜው ማቋረጫ) ሞልታ ሲሻላት መመለስ የምትችልበት መንገድ አለ፤ ሬጅስትራር አብረሻት ጠይቂ። ቤተሰቦቿ ጠበል ወይም ዱዓ ቢሉ እኔ አልቃወምም፤ ሕክምናው ግን አይቋረጥ። የድብርት ክኒን ለውጡ እስኪታይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም በላይ ይፈጃል። በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብላ እንዳትተወው። ለጊዜው ክኒኑን ሌላ ሰው ይያዝላት።

አንቺም ስንት ሌሊት ሳትተኚ አድረሻል። አማካሪው ጋ ስትሄዱ ለራስሽም ቀጠሮ ያዢ።